የወይዘሮ ዳንሴ ቅቤ

በእርዳታ ምዝገባ ሥራ የመጀመሪያ ቀኔ ተቆጣጣሪያችን የቅጽ ጥራዝና ሁለት እርሳስ ሰጥቶ አሠራሩን አስረዳኝ። የቤተሰብ ወጪ በሁለት ዓምድ ይሞላል፤ ለመኖር የማይቀረው «የግድ»፣ ሰው ካልፈለገ የሚተወው «የውዴታ» ይባላል። የውዴታው የበዛበት ቤት ከእርዳታ ዝርዝር ይወጣል። ቀላል መሰለኝ።

ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። ወላይታ ውስጥ ከቢጠና ከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ በእግሬ እየዞርኩ በወላይትኛ እጠይቃለሁ፣ በአማርኛ እሞላለሁ። ጎበዝ ተባልኩና ልቤ አበጠ።

ወይዘሮ ዳንሴ ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት ነበረች። በጓሮዋ የቀረው ጥቂት ያልደረሰ እንሰት ብቻ ነው። ወጪዋን ስጠይቃት ምንም አልደበቀችም። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የሰፈሩ ሴቶች ዓመቱን ሙሉ የሚያዋጡበት የቅቤ ማኅበር አላት፤ እንጨት እየሸጠች ትከፍላለች።

ተቆጣጣሪው ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። ቅጹን ሲያይ እዚህ ላይ ቆመና፣ «አንተ ያገሩ ልጅ ነህ፤ ይሄ የት ይግባ?» አለኝ።

እኔ ራሴ ሶዶ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ለጊፋታ በሬ መግዣ በየወሩ አዋጣለሁ። አንድ ወር አጓድዬ አላውቅም። ግን የሠለጠነ መምሰል አማረኝ።

«የበዓል ነገር ነው፤ ቢቀርም ይቀራል» አልኩት።

የውዴታው ዓምድ ውስጥ ጻፍኩት። ስሟ ከዝርዝሩ ወጣ፤ ለምን እንደወጣም ተነገራት።

እህል በሚታደልበት ቀን ባዶ ጆንያ ይዛ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። በተሰባበረ አማርኛ ነው ያናገረችኝ፤ ተቆጣጣሪው እንዲሰማ ይመስለኛል።

«ልጄ፣ እናትህ ቅቤ ማኅበር አላት?»

አላት አልኩ።

«ትተዋለች?»

አትተውም አልኩ።

«እኔ ብተው ልጆቼ ለጊፋታ ሰው በር ይቆማል። ስታመም የሚመጣ እነዚያ ሴቶች ናቸው፣ ስሞት የሚያለቅስ እነሱ ናቸው። ታዲያ ለእኔ ውዴታ የሆነ እንዴት ነው?»

ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ቅጹን አየሁ። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ።

በሚቀጥለው ዙር ስሟን ራሴ መለስኩት። ልነግራት ቤቷ ስሄድ ጓሮው ባዶ ነበር፤ ያንን ያልደረሰ እንሰት ነቅላ ለልጆቿ አብልታዋለች። የቅቤ መዋጮዋን ግን አላቋረጠችም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ዓምድ ከመጻፌ በፊት፣ «ቢተዉት ምን ይመጣል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ወይዘሮ ዳንሴን ያልጠየቅኳት መልሱን ስለማውቀው ነበር።