አስታማሚው ብቻ ይግባ

ለታመመ ሰው በሽታውን መንገር ልቡን ይሰብረዋል ይላሉ። አይሰብረውም። እኔ በተነገረኝ ቀን ልቤ አልተሰበረም፤ የተሰበረው ከእኔ በስተቀር ከተማው በሙሉ ያውቅ እንደነበር በገባኝ ቀን ነው።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ቡታጅራ አስተማሪ ነበርሁ። ከሰሜን መጥቼ እዚያው አገባሁ፤ ባለቤቴ የመስቃን ልጅ ናት። ሕመሙም የጀመረኝ እዚያው ነው። ሥጋ ወይም ቅቤ የበዛበት ነገር በልቼ ጥቂት እንደቆየሁ ከቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር ጨምድዶ ይይዘኝና ወደ ጀርባዬ ይዞራል። የክሊኒኩ ድሬሰር ሆዴን እንኳ ሳይነካ «ጨጓራ ነው» ብሎ እንደ ኖራ ውሃ የነጣ መድኃኒት ሰጠኝ። የቤት አከራዬ ደግሞ ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ሌላ በሽታ አይዘውም ብለው ኮሶ አጠጡኝ። ኮሶው አንጀቴን አጥቦ ወጣ፤ ሕመሙ ከቦታው አልተነቃነቀም። ወልቂጤ ስዛወርም አብሮኝ ተዛወረ።

ወልቂጤ ላይ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ሽንቴ እንደ ጠላ ጠቆረ፤ ዓይነ ምድሬ ግን እንደማስተምርበት ጠመኔ ነጣ። ጎረቤቶቼ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ፈረዱና አዋቂ ናት የተባለች ሴት ዘንድ ወስደው ክንዴን አስተኮሱኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ቢጫው ለጥቂት ሳምንት ሲለቀኝ የሴትዮዋ ስም ገነነ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ሄዶ የነገራት ሰው የለም።

አንድ ወዳጅ ነበረኝ። አብሮኝ የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ የዚያው አገር ተወላጅ። ወልቂጤ እንደገባን ቤት እስክናገኝ እኔንና ባለቤቴን በቤቱ ያስጠጋን እሱ ነው። በሁሉም ነገር እንከራከር ነበር፤ እኔ ነጭ ስል እሱ ጥቁር ይላል፣ እሱ ነጭ ሲል እኔ መቼም ዝም አልልም። ሐሰት ግን በመካከላችን ያለ አይመስለኝም ነበር። ክንዴ ላይ ያለውን ቁስል ባየ ጊዜ ተቆጣና የውጭ አገር ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ወሰደኝ።

ሐኪሙ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ቀኝ ጎኔን ሲጫነኝ ጮኽሁ፤ ከእምብርቴ በላይ ሲጫነኝ ደግሞ ድምፅ አጣሁ። የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየ። ከዚያ ሸሚዜን ለብሼ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥሁ። ነርሷ በሩን ከፈት አደረገችና፣

«አስታማሚው ብቻ ይግባ» አለች።

ከወዳጄ ጋር አብሬ ተነሣሁ።

«እርስዎ ይቀመጡ እንጂ! እርስዎ እኮ በሽተኛው ነዎት።»

ተቀመጥሁ። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ስናገርም እግባባለሁ። ግን የሆዱ ባለቤት ከመሆን በቀር እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያስገባኝ ምክንያት አልነበረም። ወግ ነው። ሐኪሙ ፈረንጅ ቢሆንም ወጉን አስተምረውታል፤ ክፉ ነገር ለታማሚው አይነገርም፣ ለቤተሰብ ይነገራል፤ ቤተሰብ ደግሞ ይዞት ይሞታል፣ ማለቴ ታማሚው እስኪሞት ይይዘዋል።

ወዳጄ ሲወጣ ፊቱን በመሐረብ እየጠረገ ነበር።

«ምን አለህ?» አልሁት።

«ጨጓራ ነው። ብላ፣ ጠጣ፣ አትጨነቅ።»

«ይህንን ለማለት ነው ያን ያህል የቆያችሁት?»

«ፈረንጅ መሆኑን አትርሳ፤ ‹ጨጓራ› ለማለት ዙሪያውን ሲዞር ይውላል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወልቂጤ ወደደችኝ። ሰላምታ የማይመልሰው ዳይሬክተር የከሰዓት ክፍለ ጊዜዎቼን ለሌላ ሰጠና «አንተ ዕረፍ» አለኝ። የዕድራችን ሊቀ መንበር ሊጠይቁኝ መጡና ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ግቢውን ከጫፍ ጫፍ በዓይናቸው ለኩ። «ይህቺ ጽድ ባትኖር ቦታው ሰፊ ነበር» አሉ። ስለ አትክልት የሚያወሩ መስሎኝ ጽድ እወዳለሁ ብዬ ተከራከርኋቸው። አማቴ ከመስቃን በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በሰው በሰው ይልኩ ጀመር። የመስቀል ሰሞን ነበርና ክትፎው በቅቤ ዋኝቶ ይቀርባል፤ ባለቤቴ ቆጮውን እየጠቀለለች ታጎርሰኛለች፣ ወዳጄም ያጎርሰኛል። «ካልበላህ እንዴት ትድናለህ?» ይሉኛል። የጎረሥሁ ዕለት ሁሉ ወለሉ ላይ ተጠቅልዬ እተኛለሁ፣ አስታውካለሁ፣ ትኩሳት ያንቀጠቅጠኛል። በማግስቱ እንደ መጽናኛ ሌላ ክትፎ ይመጣል።

የወደደኝ ሰው በበዛ ቁጥር እኔ እየከሳሁ ሄድሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤታችን መጡ። የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በድንበር አጥር ተጣልተን ረጅም ጊዜ ተኮራርፈን ነበር። ደጃፉ ላይ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብለው ቆብ በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ይግቡ ሐጂ።»

«አልገባም። መምህር፣ አፉ በለኝ።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ አጥሩ።»

«አጥሩ የእኔ ነው ብለው ሲምሉ አልነበር እንዴ?»

«አሁንም የእኔ ነው!» አሉ ቆጣ ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን አፉ በለኝ።»

«ምነው፣ ሊሄዱ ነው? ወዴት?»

«እኔ? እኔ የትም አልሄድም» አሉና ያሉት ለራሳቸው ሲሰማቸው ደነገጡ። «አላህ ያሽርህ» ብለው እየተቻኮሉ ወጡ።

ሰውዬው ውሸት አያውቁበትም። የትም የማይሄድ ሰው ይቅርታ የሚለምነው የሚሄደውን ነው። ከዚያ ሁሉ የደግነት ሰልፍ ውስጥ እውነቱን ያመጣልኝ ተኮራርፈን የከረምነው ሰው ሆነ።

ባለቤቴን ጠራኋት። «የምሞተው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋት። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«‹አትንገሪው፣ ልቡ ይሰበራል› አለኝ» አለች። ማን እንዳላት አልጠየቅሁም።

ወዳጄን አስጠራሁት። እንደገባ የባለቤቴን ፊት አየና ነገሩ ገባው።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ምን ያደርግልሃል አሁን ይህ…»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም አለ። ከሐሞት መውረጃው ላይ የተቀረቀረ ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ቆሽቱም ያበጠው በዚያ ይሆናል። ወይም ደግሞ እዚያው ቆሽቱ ላይ የበቀለ ነገር ነው። ሳይከፈት አይታወቅም አለ። አዲስ አበባ ይሂድ አለ።»

«አንተ ለሰዉ የትኛውን ነገርህ?»

«የከፋውን። ሰው እንዲዘጋጅ ብዬ ነዋ!»

«ለእኔስ?»

«ለአንተ እንዳትጨነቅ ብዬ…»

«ስለ ምግብስ አንድም ነገር አላለም?»

መሐረቡን ከኪሱ አወጣ። ባለቤቴም ቀና ብላ አየችው፤ ይህን እሷም አላወቀችም ነበር።

«ቅባት እንዳይቀምስ ብሏል» አለ።

«እና አጎረስኸኝ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ!» ብሎ ጮኸ። «በመስቀል ምድር ሊሞት ነው ያልሁትን ሰው ክትፎ ልከልክለው? ቅቤ የነፈገው ልባል? ለመሰናበቻህ እኮ ነው!» እንባው ወረደ። የሚያለቅሰው ከልቡ ነበር። ያንን ማየት ከሁሉም ባሰብኝ፤ ክፋት ቢሆን ኖሮ ምን እንደምለው አውቅ ነበር።

ሐኪሙ ሁለት መንገድ ሰጥቶኝ ነበር፤ አንደኛው ወደ ሕይወት የሚወስድ። ወዳጄ ያንን ዘግቶ፣ በሌላኛው ቅቤ እያጎረሰ ሲሸኘኝ ከረመ። ጥርጣሬው የእኔ ሀብት ነበር፤ እርግጠኛ አለመሆን ማለት ልድን እችላለሁ ማለት ነው። እሱ ግን ወስዶ መርዶ አደረገው፤ መርዶ እንዴት እንደሚያዝ ሁሉም ሰው ያውቃላ።

በማግስቱ አዲስ አበባ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ባለቤቴ ጋቢዬን ይዛ እስከ መናኸሪያው ተከተለችኝ፤ አብሬህ ልሂድ ብትል እምቢ አልኋት። ሆስፒታሉ ውስጥ ነርሷ «አስታማሚዎ የት አለ?» ስትለኝ «እኔ ነኝ» አልኋት። የምቀልድ መስሏት ነበር፤ ከሐኪሙ በር አልነሣም ስል ግን ተወችኝ። ቀዶ ሐኪሙ አንድ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና በቀጥታ አወራኝ። ሕመም ከጀመረኝ ወዲህ ስለ ሆዴ ከእኔ ጋር የተነጋገረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ጠጠር ነበር። ከሐሞት መውረጃው ተቀርቅሮ የቆየውን አወጡት። ቆሽቴን በተመለከተ ግን ቀዶ ሐኪሙ «ጠንክሯል፣ አብጧል፤ ከጠጠሩ የመጣ ይመስለኛል፣ ልምልልህ ግን አልችልም። ከኖርህ እናውቃለን» አለኝ። ኖርሁ። ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ከእምብርቴ በላይ ይወጋኛል፤ አንዱ ሐኪም የድሮው ቁስል ነው ይላል፣ ሌላው አይመስለኝም ይላል። ከዚህ አለማወቅ ጋር መኖር ይቻላል። ቅባት አልቀምስም፣ ሲያመኝ እተኛለሁ፣ ሲተወኝ እጽፋለሁ።

ወልቂጤ ስመለስ የዕድሩ ሊቀ መንበር ቀጠሮ ያፈረስሁባቸው ይመስል አዩኝ። ጽዷ ተቆርጣ ነበር፤ በሌለሁበት ማን እንዳስቆረጣት አልጠየቅሁም። ወዳጄ በግ እየጎተተ መጣ፤ ደስታውም እንደ ለቅሶው እውነተኛ ነበር። ከበሩ መለስሁት። ይቅር በለው ብለው ሽማግሌ ልከዋል፣ ከቡታጅራ ድረስ። «ለፍቅር ብሎ ነው» ይሉኛል። ለፍቅር ብሎ መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ዓይኔ እያየ የጎረሥሁት ፍቅሩን ነው። ከባለቤቴ ጋር አብረን አለን። ግን «ዛሬ ደህና ትመስላለህ» ባለችኝ ቁጥር ፊቷን ሳላይ፣ ከዚያም ተነሥቼ መስታወት ላይ የዓይኔን ነጭ ሳላይ አላምናትም። ይህንን የሚያወጣ ቀዶ ሐኪም እስካሁን አላገኘሁም።

አንተም ከሐኪም ክፍል ለብቻህ ወጥተህ፣ ፊትህን ጠርገህ፣ ውጭ ለተቀመጠው ሰው «ጨጓራ ነው» ብለህ ይሆናል። ሰውዬው ገና በሕይወት ካለ ይህን ወረቀት አሁን አስቀምጥ። ሂድና ሐኪሙ ያለህን አንድም ሳታስቀር ንገረው። ከዚህ በላይ ማንበብህ ለእኔ አይጠቅመኝም።