ሮዝ ጋዋን የለበሱ ሐኪሞች

የሆስፒታሉን ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትመራውን ሴት ሁሉም «እትዬ ርችት» ይሏታል። መቼ እንደምትፈነዳ፣ ስትፈነዳም በሳቅ ይሁን በቁጣ፣ ማንም አያውቅማ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለው፣ እንፋሎቱ ፊት ይለበልባል፣ የማሽኖቹ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። እዚያ ውስጥ ደምና ትውከት የነካው አንሶላ የሚያገላብጡ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሲስቁ ይውላሉ። ፎቅ ላይ ያሉት «ምን አግኝተው ነው?» ይባባላሉ፤ ወርዶ የጠየቀ ግን አንድም የለም።

ያገኙት ወንበር ነው። ክፍሉ ውስጥ መደገፊያ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ ስሙም «ዙፋን»። ጠዋት ማሽኖቹ ሳይነሱ ሁሉም ይሰበሰቡና የየራሳቸውን ጥፋት ይናገራሉ። አለቃዋ ትቀድማለች። «እኔ ትናንት ወሬ ስለቃቅም ካውያውን የትራስ ልብስ ላይ ረስቼው፣ ይኸው፣ አቃጥዬው መስኮት አውጥቼለታለሁ!» ትላለች። ከሁሉ የባሰ ያጠፋችው በእልልታ ዙፋኑ ላይ ትወጣለች፤ የመጀመሪያው ሻይም የእሷ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ጥፋት የሚደብቅ ከየት ይመጣል? እንዲያውም ዙፋኑን ፈልገው ያላጠፉትን የሚጨምሩ ነበሩ።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ሥልጠና ሄዶ ተመለሰ።

ወጣት ነው፤ ክፉም አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ይጠነቀቀዋል። ስለ ቀና አስተሳሰብ ሲሰብኩት ሰንብተው አንድ ጥቅል ፖስተር አሸክመው ሰደዱት። «እዚህ ችግር የለም፤ ዕድል ብቻ አለ» የሚለውን የማጠቢያው ክፍል በር ላይ ለጠፈው። ስለ ዙፋኑ ሲነግሩት ግንባሩን ያዘ።

«እትዬ፣ በጠዋቱ ጥፋት ማውራት ሞራል ይገድላል። ከነገ ጀምሮ ስኬት ብቻ ይነገር። ከዚያ ሞቅ ያለ ጭብጨባ።»

እትዬ ርችት ልትፈነዳ አፏን ስትከፍት፣ እሱ ከኪሱ የሚስቅ ቢጫ ፊት ያለበት ባጅ አውጥቶ ደረቷ ላይ ሰካላት። «የቀና አስተሳሰብ አምባሳደር» ይላል። ዕድሜ ልኳን እዚያ ደረት ላይ ከሳሙና አረፋ በቀር ማንም ምንም አኑሮላት አያውቅም። ዝም አለች። ዝም ማለቷ ሳያንስ አጨበጨበች! ቀና አስተሳሰብ ማለት የሰው አፍ መዝጋት የሚመስላቸው አለቆች ስንት ናቸው፤ ለአንድ ቁራጭ ቆርቆሮ አፉን የሚዘጋላቸውም አይጠፋም።

ልብስ ለያዋ ገና በሙከራ ላይ ያለች፣ ባሏ የሞተባት፣ ድምፅዋ ከእንፋሎት የቀጠነ ሴት ናት። ሥራዋ ልብሱን በቀለም መለየትና ኪስ መፈተሽ ነው። አንድ ምሽት ቤቷ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ፣ ለጠዋት ማሽን ውስጥ የከተተችውን የሐኪሞች ጋዋን ኪሱን እንዳልፈተሸች ትዝ አላት። ድሮ ቢሆን ጠዋት «ረስቻለሁ» ትላለች፣ ይሳቃል፣ ማሽኑ ይከፈታል፣ አለቀ። ያን ቀን ግን ተራዋ ሲደርስ ፖስተሩን አየች፤ ባጁን አየች።

«ሁሉም በጣም ጥሩ ነው» አለች።

ተጨበጨበላት። ማሽኑ ተነሳ።

ሲከፈት ጋዋኑ በሙሉ ሮዝ! ሮዝ ሲባል ደግሞ ዓይን አይቶት የሚያልፈው ዓይነት አይደለም፤ የልደት ኬክ ሮዝ ነው። ከመሃል አንዲት ቀይ የልጅ ካልሲ ብቅ አለች። ቅያሪ ስላልነበረ ሐኪሞቹ ያንኑ ለብሰው ዋሉ። ሮዝ ሐኪም ያዩ ሕፃናት ልቅሶ አቆሙ የሚል ጣፋጭ ወሬ የሚጠብቅ ካለ ይቅርበት፤ ሕፃናቱ እንደ ወትሮው መርፌውን አይተው አለቀሱ።

እትዬ ርችት ቢሮ ተጠራች። ዋናው ቀዶ ሐኪምም ለአቤቱታ መጥቶ ተቀምጧል፤ ግዙፍ፣ ጺማም፣ ሮዝ።

«ማናት ይህን ያደረገችው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ስሟን ይንገሩኝ። ዛሬውኑ ትሰናበታለች።»

«ችግር የለም፣ ዕድል ብቻ ነው ያለው ብለውን አልነበር?»

«እትዬ፣ ቀልዱን ይተዉት!»

ካልሲዋ ስትወጣ ለያዋ ለእትዬ ርችት ሁሉን ተናግራ ነበር። ያቺ ሴት ከዚህ ሥራ ከወጣች ሌላ የሚቀጥራት እንደሌለ እትዬ ርችት ታውቃለች። ባጁን ነቀለችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው በእኛ ቤት ወግ እንሂድ፤ አለቃ ይቀድማል። ትእዛዝዎ እንደማይረባ እያወቅሁ፣ በዚህች ተሸንግዬ ያጨበጨብኩ እኔ ነኝ። ልጅቷ ምላሷ ላይ የደረሰውን ያስዋጥኳትም እኔ። ይኸው፣ ይህ የኔ ነው።» ከሽርጧ ኪስ ካልሲዋን አወጣች። «ይህቺ ደግሞ የማን እንደሆነች እንጃ። ኪስ ሳያራግፉ መላክ ክልክል ነው ተብሎ ነበር።»

ቀዶ ሐኪሙ ካልሲዋን አየ። አንገቱ ቀላ፣ ጆሮው ቀላ፤ በመጨረሻ ከጋዋኑ ጋር አንድ ሆነ።

«የልጄ ናት» አለ። «ትናንት ጠዋት ስንሯሯጥ ኪሴ ከትቻት... አንድ እግሯን ባዶውን ነው ትምህርት ቤት ያደረስኳት።»

«እልልልል!» ቢሮው ተናጋ። «ዶክተርዬ፣ ዙፋኑ የእርስዎ ነው!»

ሐኪሙ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። ተራው ነበራ።

«ጉዳዩ ይታያል» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ኪስ መፈተሽ የለያዋ ሥራ ነው፤ እስኪታይ ሴትዮዋ ሥራ እንዳትገባ።»

በማግስቱ ቀዶ ሐኪሙ እውነትም ወርዶ ዙፋኑ ላይ ሻዩን ጠጣ። ወሬው ፎቁን አዳረሰ። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ ብቅ ባለ ቁጥር «እርስዎስ፣ ተራዎ አልደረሰም?» ይሉት ጀመር። ነርሷ ትለዋለች፣ ዘበኛው ይለዋል። ምሳውን እንኳ በሰላም አልበላም። ከሰዓት በኋላ ክራቫቱን አላልቶ ምድር ቤት ወረደ። ለያዋ እንዳትገባ ስለተባለች ከበሩ ውጭ ቆማለች፤ በአጠገቧ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ማሽኖቹ ይጮኻሉ።

«ተሳስቻለሁ» አለ።

«ምን አሉ?» እትዬ ርችት አንድ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሰምታዋለች፤ እንዴት አድርጋ!

«ተሳስቻለሁ!»

«አልሰማም ጌታዬ! ማሽኑ ነው! ማን ተሳሳተ?»

ሴቶቹ ሳቃቸውን አንሶላ ውስጥ ቀበሩ። ሰውዬው ደረቱን ነፋ። ሌላው እጇ ከጀርባዋ የማሽኖቹን ዋና ማብሪያ ማጥፊያ እንደያዘ አላየም፤ አፉን ሲከፍት ጠቅ አደረገችው።

«አፋችሁን የዘጋሁት እኔ ነኝ! ሴትዮዋ ትመለስ!»

ጸጥታው ውስጥ ድምፁ ደረጃውን ወጥቶ እስከ ካርድ ክፍል ተሰማ። ወረፋ የያዘው በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አየ።

«አይ የኔ ጌታ፣ መጮህ ምን አስፈለገ?» አለች እትዬ ርችት። ከዚያ ወደ በሩ ተንጠራርታ ለያዋ ላይ ፈነዳችባት። «አንቺስ ምን ይገትርሻል? ሽርጥሽን ታጠቂ! ጋዋኑ ገና አልነጣም።»