መኪና እያለው በእግሩ

ባሌ መኳንንት ሥራ በእግሩ መሄድ የጀመረው ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሰው ሁሉ መኪና በሚገዛበት ዓመት ነው። ከተማዋ የምትተዳደርበት የነዳጅ ዋጋ ጣራ ነክቶ ሥራ ራሱ ሰው የሚለምንበት ጊዜ ነበር። አውቶቡስ ላይ ከጎኔ ቆሞ ያንቀላፋ የነበረው ንዋይ እንኳን፣ ሰሜን የነዳጅ ካምፕ ከርሞ ሲመለስ፣ ለመውጣት መሰላል የሚያስፈልገው ፒካፕ ይዞ መጣ። ምን ልትጭንበት ነው ስለው «ምንም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከራሱ በቀር ሲጭን አላየሁም።

የእኔ ሰውዬ በእንዲህ ያለ ዘመን መኪናችንን በር ላይ አቁሞ፣ ቦርሳውን ጀርባው ላይ አንጠልጥሎ፣ ከሰፈራችን ከዶቨር እስከ መሃል ከተማው ዳውንታውን በእግሩ። ሥራው ምን መሰላችሁ? ፓርኪንግ ጠባቂ! የነዳጅ ካምፓኒዎች ፎቅ ሥር፣ ፀሐይ የማይደርስበት ወርዶ፣ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ ይውላል።

ከቁልቁለቱ እስኪወርድ አስፋልት ነው። ከዚያ ድልድይ ይሻገርና የወፎች ጥብቅ ቦታ ይገባል፤ ቀጥሎ ፎቆቹ ሥር እስኪደርስ ወንዙን ይዞ በዛፍ ውስጥ ነው። በመኪና ሬዲዮ ላይ ዜናው ሳያልቅ የሚደረሰውን መንገድ እሱ ጠዋት ይጀምረውና ለምሳ ጥቂት ሲቀረው፣ ፈረቃው ሲጀምር ይደርሳል። ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «አየር ልቀበል» አለኝ። አየሩ በረንዳችን ላይም አለ እኮ አልኩት፤ ሳቅ ብሎ ጫማውን አሰረ።

ሐበሻ በእግሩ የሚሄድ ሐበሻ ካየ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ፍሬን ይይዛል። «ጋሼ መኳንንት፣ ይግቡ እንጂ!» «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልራመድ ብዬ ነው።» ማን ይመነው? መጀመሪያ የመንጃ ላይሰንሱን ተቀማ ተባለ። ቀጥሎ ሌይኦፍ ሆነ ተባለ፤ በዚያ ዓመት የሚባረር ሰው ስላልነበረ ይሄ ብዙም አልሄደም። በመጨረሻ «ሮማነወርቅ መኪናውን ቀምታ አባረረችው» ተባለ፤ ሮማነወርቅ እኔ ነኝ። ይሄኛው እንደ ሙጫ ተጣበቀ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እትዬ ገበያነሽ እሱን አቅፈው አቅፈው አልጠግብ ሲሉ፣ እኔን አንዴ ብቻ ሳሙኝ። አንዴ! ለማያውቁት እንግዳ እንኳን ሦስት ጊዜ የሚስሙ ሴትዮ።

ሐሜቱ አናደደኝ፣ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ሆቴል አልጋ ሳነጥፍ ውዬ ስገባ እሱ ገና የለም። ሰው ያለ ምክንያት ያን ያህል ቀድሞ ከቤቱ አይወጣም፣ ያን ያህልም አይዘገይም። ሲገባም ዝም ነው። ድሮ በወጡ ጨው፣ በቴሌቪዥኑ ድምፅ፣ በበሩ አዘጋግ ሳይቀር የሚጮህ ሰው፣ አሁን «ደህና ዋልሽ?» ብሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ሰዉ አባረረችው ሲል፣ እኔ ደግሞ እየሸሸኝ ነው ብዬ ውስጥ ውስጡን አልቅ ነበር። ልጠይቀው እፈልግና መልሱን እፈራለሁ።

መስከረም ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌ መጣብን። ጋሼ ገብረመድኅንና እትዬ ገበያነሽ ናቸው፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ኦቨርታይም ይዞት ቀርቷል። ቀይ ወጥ አቀረብኩ። አልነኩትም። ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ ነገሩ ሳያልቅ እህል አይቀምስም።

«ኧረ አልተጣላንም» አልኩ።

«ተጣላን የሚል ባልና ሚስት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም» አሉ ጋሼ ገብረመድኅን። «መኪናው የማን ነው?»

«የሁለታችን።»

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ተያዩ። እትዬ ገበያነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወጡ መርጋት ጀምሯል።

«እንግዲህ አጥፊው ይናገር» አሉ ጋሼ።

«አጥፊውስ እኔ ነኝ» አለ መኳንንት። የፈራሁት መጣ፣ እሱም በሰው ፊት አልኩ።

«እዚያ ታች ስሰደብ እውላለሁ» አለ ምንጣፉን እያየ። «ያ ሁሉ ግንድ የሚያህል ፒካፕ ጣራውን ይነካል። የሚገባው መኪና ቁመት በሩ ላይ ተጽፏል፤ ማንም አያነበውም፣ ሲጫርበት እኔን ይሰድባል። እኔ ‹ይቅርታ ሰር› እላለሁ። ከዚያ ስድቡን ሳይበርድ በመኪና ቤት አደርሰውና እሷ ላይ አራግፈዋለሁ። ግንቦት ላይ መኪናው ተበላሽቶ በእግሬ ገባሁ። የዚያን ቀን አልጮህኩባትም። ወንዙ ጋ ጥዬው ነበር። መኪናው ተሠራ፣ እኔ ግን መራመዴን አልተውኩም።»

አሰብኩት። እውነትም ከግንቦት ወዲህ ሰመሩን ሙሉ አልጮኸብኝም። ጩኸቱ እንዲቀርልኝ ስንት ዓመት የተሳልኩ ሴትዮ፣ ሲቀርልኝ ጠላኝ ብዬ አለቀስኩ።

«ይሄን ለእኔ መናገር ምን ከበደህ?» አልኩት።

«አፍሬ ነዋ» አለ።

ጋሼ ገብረመድኅን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የተጣላ ሰው አጥተው ግራ ገብቷቸዋል። «ያም ሆነ ይህ መጥተናል» አሉ፤ «ባዶ እጃችንን አንመለስም። ተነሱና ይቅር ተባባሉ።» ተነሥተን ተሳሳምን። ፍርድም ሰጡ፦ ለሰው አፍ ሲባል መኳንንት ከእንግዲህ ብቻውን አይሄድም። ከዚያ የረጋውን ወጥ አጣጥመው በሉ። እትዬ ገበያነሽ ሲወጡ ሦስት ጊዜ ሳሙኝ፤ ስለ አንዷ ግን ምንም አላሉም።

በቅዳሜው ፍርዴን ልፈጽም አብሬው ወጣሁ። ጉልበቴን እያማረርኩ፣ ትንኙን እየተራገምኩ ቁልቁለቱን ወረድን። ወፎቹ ጋ ሽማግሌ ፈረንጆች አንዲት ዳክዬ በመነጽር ያያሉ፤ ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ያምራል። ይሄን ሁሉ ብቻውን ሲያይ ከርሞ ነው ብዬ ቀናሁ። ወንዙ ላይ ያለው የባቡር ድልድይ ሥር ስንደርስ ቆመ።

«ምን ሆንክ?»

«ባቡር እየጠበቅኩ ነው።»

«የት ልትሄድ?»

«የትም። የምጥለው እዚህ ነው» አለ። «ባቡሩ ሲያልፍ ወንዙ ላይ እጮሃለሁ። ማንም አይሰማኝም።»

ይሄ በቤተ ክርስቲያን ድምፁ የማይሰማ፣ ‹ይቅርታ ሰር› የሚል ሰው እዚህ ቆሞ ሲጮህ ታየኝ። ልስቅ ነበር፣ አቃተኝ።

«ዛሬስ?» አልኩት።

«ዛሬ ሥራ የለ፣ የምጥለው የለኝም።»

ከሩቅ ነዳጅ የጫነ ባቡር ሲመጣ ይሰማል። ሆቴሉን አሰብኩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አሰብኩ፣ ያቺን አንዴ ብቻ የተሳመች ጉንጬን አሰብኩ፣ በበሩ አዘጋግ የተጮኸብኝን ዓመታት አሰብኩ።

«እኔ አለኝ» አልኩት።

ቦርሳዬን ተቀበለኝና ራቅ ብሎ ቆመ።