መርዶ ነጋሪዎቼን የዘፈዘፍኩ ሰሞን

የእናቴን ሞት የሰማሁት ጄኔቫ፣ ፕላንፓሌ ላይ፣ ትራም ውስጥ ቆሜ ነው። የነገረችኝን ሴት ስሟን እንኳ በቅጡ አላውቀውም፤ በበዓል ቀን አዳራሽ ውስጥ ተሳስመን ዓመቱን ሙሉ የማንገናኝ ሰዎች ነን። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ፣ እናት መቼም አትጠገብም» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየች። «ማለቴ… እናትሽ ጋ ደውዪ ለማለት ነው» ብላ፣ ከንፈሯን እየነከሰች የእሷ ባልሆነ ፌርማታ ወረደች።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሥርዓት አለው። ሐዘንተኛዋ በዋዜማው ጠግባ እንድትበላ ይደረጋል፤ በማግሥቱ እህል ባፏ አይዞርምና። ስልኳ በሰበብ ይወሰዳል። ጎህ ሲቀድ የቅርብ ሰዎቿ ሽማግሌ አስቀድመው ይገባሉ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚያውቅ ሁሉ ይስቅላታል፣ ያጫውታታል፣ ሁሉም ሰላም ነው ይላታል። ደግነት ነው ይሉታል። እኔም በሌላ ሰው ላይ ሲደረግ ሳይ ደግነት ይመስለኝ ነበር።

«ለ ሊኞን» የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አገር ቤት ደወልኩ። ወንድሜ አነሳ። ላለፉት ሳምንታት እንደሚለው «ተኝታለች፤ አሁን ገና ነው ያሸለባት» አለኝ። ጉንፋን ብጤ ይዟታል ተብዬ ነበር። «ስትነቃ ሳምልኝ» አልኩት። «እሺ» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ያሳደግኩት ልጅ ይህን ያህል የተዋጣለት ውሸታም መሆኑን አላውቅም ነበር።

የሻሌው ጉዞ ነገርም የገባኝ ያኔ ነው።

የዙሪኳን ጓደኛዬን ዓመት ሙሉ ስለምናት ነበር። ከእሷ ጋር የስደተኛ ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል ተኝተን፣ አንድ ሻምፑ ተካፍለን ነው ስዊዘርላንድን የጀመርናት፤ ገመናዬን የምታውቅ ሰው እሷ ብቻ ናት። እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ገላ ሳጥብ ስለምውል፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ እንኳ እኔ ራሴ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብዘፈዘፍ ብዬ ተመኘሁ። ጁራ በኩል፣ ፈረንሳይ ድንበር ላይ አንዲት የገጠር ከተማ አለች፤ ሻሌ የሚሏቸው የእንጨት ቤቶች አሏት፤ ደጃቸው ላይ በማገዶ የሚሞቅ ጃኩዚ አለ። ፎቶውን በላክሁላት ቁጥር «ሥራ አለኝ፣ ቴርሚን አለኝ» ትለኛለች፤ ቀጠሮ ማለቷ ነው። ከትራሙ ወሬ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ግን ራሷ ደውላ «ያ ሻሌሽ እንዴት ሆነ፤ እንሂድ እንጂ» አለች። ባሏ መኪና ይነዳል። ከዚሁ ከጄኔቫ ዳር፣ ከቬርኒየ ደግሞ ጋሼ ይመጣሉ። ጋሼ የትንሿ ጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ለእሳቸው ዕረፍት ማለት ጫማ አውልቆ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ነው።

«ጋሼ ጃኩዚ ውስጥ ምን ሊሠሩ?» አልኳት።

«ጉልበታቸውን ያማቸው የለ። ሙቅ ውሃ ታዞላቸዋል» አለች።

እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ለማጥባቸው አሮጊቶች ሁሉ አውርቼ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ደውሎ «ሰምቻለሁ፣ ኑ» ይላል። እኔ ተናደድኩ። ንዴቱ ከሐዘኑ ቀድሞ መጣና ቦታውን ያዘበት። እናቴ አፈር ለብሳ እያለች ይህች ጓደኛዬ ተብዬ በቪዲዮ ስለ ጥፍር ቀለም ስታወራኝ ከርማለች። ከእሷ አፍ ካልሰማሁ አላለቅስም አልኩ። ያውም በሽማግሌ ተከልላ ሳይሆን ዓይን ዓይኔን እያየች። እስከዚያው ዕረፍት ካሉ ዕረፍት ይሁንላቸው።

ዕቅዱን እኔ ያዝኩት። በየቀኑ እደውልላታለሁ። ሰፊ ሳሎን ያለው ቤት ይሁን አለች። «ሳሎን ምን ያደርግልናል፤ ውሃ ውስጥ አይደል የምንውለው?» አልኳት። «ጋሼ ይጸልዩበታል» አለች። ጎረቤት የሌለው ይሁን አለች። ለምን ስላት፣ መዝሙር ስንዘምር ፖሊስ እንዳይጠሩብን አለች። አንድ ቀን ደግሞ የልብስ ቁጥሬን ጠየቀችኝ።

«የዋና ልብስ ልትገዢልኝ ነው?»

«አዎ» አለች።

«እንግዲያው ቀይ ይሁንልኝ።»

ጥቁር ቀሚስ እየገዛችልኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ስለ ቀዩ ቀለም ብዙ አወራኋት፤ ደማቅ ይሁን፣ ከሩቅ ይታይ፣ አልኩ። እሺ እሺ ትላለች። ስልኩን ስዘጋ ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

ባሏ ድንበሩን አለፍ ብሎ ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ሻሌ ይሻላል ብሎ ነበር። «የእሷ አውስቫይስ ኤፍ ነው፤ መሻገር አትችልም» ብላ ያስቆመችው እሷ ናት። እውነቷን ነው። በእኔ ፐርሚ፣ በጊዜያዊው የመኖሪያ ፈቃድ፣ ድንበር አይታለፍም፤ አገር ቤት ከሄድኩማ ተመልሼ የምገባበት በር የለም። ይህን ከእኔ ይልቅ እሷ ትፈራዋለች።

ከጋሼ ጋር ከጄኔቫ በባቡር ሄድን። መንገዱን ሙሉ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። «ጋሼ፣ እናቴን አሟታል፤ እስቲ ይጸልዩልኝ» አልኳቸው። በእኛ እምነት ለሞተ ሰው አይጸለይም፤ ጋሼ ደግሞ በጌታ ፊት የሚዋሹ ሰው አይደሉም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» አሉ። «አንተ ታውቃለህ… አንተ ታውቃለህ…» ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። «ፈውሳት ይበሉልኝ እንጂ፣ ጋሼ» አልኩ። ውሃ ጠማኝ ብለው ተነሡና እስክንወርድ ድረስ በሩ አጠገብ ቆመው ቀሩ። አላሳዘኑኝም።

ሻሌው ከፎቶውም ያምር ነበር። ከደጁ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ፈረንሳይ። ጓደኛዬ ከዙሪክ ዶሮ ወጥ ሠርታ መጥታለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። «ብዪ እንጂ፣ ምነው ከሳሽብኝ» እያለች አንዱን ጉርሻ ሳልውጥ ሌላውን ታመጣለች። በላሁ። ዕንቁላሉን ሁሉ ጨረስኩባቸው። ባሏ «ስልክ እናጥፋ፤ ዕረፍት ላይ ነን፣ ፌሪየን ነው» ሲል «እናቴ ብትደውልስ?» አልኩት። ማገዶ ሊጨምር ወጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱንም ጃኩዚው ጋ ወሰድኳቸው። ጓደኛዬ በቲሸርት፣ ባሏ በቁምጣ ገቡ፤ ጋሼ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ጠርዙ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ነከሩ። ዘምሩ አልኳቸው፤ ዘመሩ። አጨብጭቡ አልኳቸው፤ አጨበጨቡ። «ለእናቴ የምልከው ነው፣ ሳቁ እንጂ» ብዬ አብሬያቸው ሰልፊ አነሣሁ። ፎቶው እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ሦስቱም ጥርስ ሐኪም ፊት አፉን የከፈተ ሰው ይመስላሉ፤ እኔ መሃላቸው ሆኜ ከልቤ እስቃለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ክፋት ደስ አይልም የሚል ሰው ሞክሮት አያውቅም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ከሳሎን ሹክሹክታ ሰማሁ። የዋና ልብሴን ለብሼ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ። ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። «ልጄ፣ እስቲ አንዴ ቁጭ በይ» አሉ ጋሼ። «እዚያው ውሃው ጋ ያጫውቱኛል ጋሼ፤ ማለዳ ይሻላል» ብዬ አልፌያቸው ሄድኩ። ምን ያድርጉ፣ ተያይተው ተከተሉኝ። ውሃው ውስጥ ገባሁ። ጓደኛዬም ነጠላዋን ጥላ ከነቀሚሷ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስነግራት ትወድቃለች ብላ ፈርታ ይሆናል።

«ነይ፣ ለእናቴ በቪዲዮ እንደውልላት» አልኳት። «አንቺ ያዢው፤ መጀመሪያ አንቺን ትይ።»

ደውዬ ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። ዘጋችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ ዐርፈዋል» አለች።

«ለቀባሪው አረዱት» አልኳት።

ይህችን አባባል ስንት ጊዜ መስተዋት ፊት ቆሜ ብያታለሁ። ትራሙን፣ ሴትዮዋን፣ ጥቁር ቀሚሱን፣ የባቡሩን ጸሎት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጋሼ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ባሏ ጀርባውን ሰጠን። ጓደኛዬ ግን እያለቀሰች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ያሰብኩት ሁሉ ሆኗል፤ አሁን እኔም ማልቀስ እችላለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ሁሉን ከሰማሽማ ተገላገልኩ» አለች። «ያን ሁሉ ቀን ሲጠሩሽ መክረማቸውን እንዴት አድርጌ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር የተጨነቅሁት።»

«ማን ሲጠራኝ?»

አንገቴን ለቀቀችኝ። ጋሼ «በቃ፣ በቃ፣ ተያት» አሏት። ክንዷን ያዝኩና «ተናገሪ» አልኳት።

«ወንድምሽ ከሆስፒታል ደወለልኝ። ሐኪሞቹ ተስፋ የላትም ብለዋል፣ ለእህቴ ልንገራት ወይ አለኝ። አትንገራት ያልኩት እኔ ነኝ። ብትሰሚ ሁሉን ጥለሽ ትሄጂ ነበር፤ አላውቅሽም እንዴ? ከሄድሽ ደግሞ ቀረሽ።»

«እሷንስ ምን አላችኋት?»

«መንገድ ላይ ናት አልናቸው። ደስ ይበላቸው ብለን ነው። ፀጉራቸውን አስጎንጉነው ጠበቁሽ።»

«እኔ ስደውል ተኝታለች የምትሉኝስ?»

«በስልክ ካገኙሽ አለመምጣትሽን ያውቃሉ ብለን ነዋ።»

የደበቁኝ ሞቷን ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔ ስልክ ይዤ ደህና አደረች ወይ ስል፣ እሷ እዚያው አልጋዋ ላይ ነቅታ በር በሩን ስታይ ከርማለች። ወንድሜ በእኔና በእሷ መካከል ቆሞ ለሁለታችንም ሲዋሽ ነበር። ያዘዘችው ደግሞ ይህች፣ ከነቀሚሷ አጠገቤ የተዘፈዘፈችው ናት።

«በመጨረሻ ምን አለች?» አልኩ።

ባሏ ዞሮ አይሆንም በሚል ዓይን አያት። እሷ ግን መዋሸት ሰልችቷት ኖሮ ነገረችኝ።

«‹ካልፈለገች አታስገድዷት› አሉ።»

እንደገና ልታቅፈኝ ስትጠጋ ገፍቼ ጣልኳት። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ሲነገረኝ ነው። ጋሼ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ያዙኝ አሉ። እኔ «ፈልጋለች በሏት፣ ደውሉና በሏት» እያልኩ ነበር አሉ።