አምስት ኪሎ ሜትር በሱሪ ሲለካ

ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ካውያ» በሚል ስም ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው እያለ ራሱ ይቀልዳል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያች ባለ አንድ በር የልብስ መተኮሻ ቤት ውስጥ ቆሟል። ቆሟል ስላችሁ የምሬን ነው፤ ሙያው መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ክብደቱን በቀኝ እግሩ ላይ ጥሎ፣ በግራው ጣቶች ወለሉን ነካ ነካ እያደረገ፣ ካውያውን ሲገፋ ወደ ፊት፣ ሲስብ ወደ ኋላ ወዝወዝ ይላል። ከዚሁ የተነሳ ቀኝ ባቱ ከግራው ይወፍራል። ይህን ሰውነት ይዞ ነው እንግዲህ በሃምሳ ስድስት ዓመቱ አምስት ኪሎ ሜትር ልሩጥ ብሎ የተነሳው።

ነገሩን ያመጣው አንድ ወረቀት ነው። ከመተኮሻ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ በመስተዋቱ ጥግ ለጥፎት ነበር። ጤና ጣቢያው የአምስት ኪሎ ሜትር ሩጫ አዘጋጅቷል፣ ሮጦ ለማያውቅም ክፍት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ይላል። ጋሽ ካውያ ጢሙን እየተላጨ አነበበው። «ቅዳሜ» የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርስ ግን መልሶ አነበባት።

ቅዳሜ ለልብስ ተኳሽ ዋናው የሥራ ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ የት እንደነበረ የማይታወቅ ሙሽራና ሚዜ ሁሉ ኮቱን ታቅፎ «ዛሬውኑ ድረስልኝ» እያለ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሴት ልጁም የድሮ ሩጫ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነበር።

አንድ ልጁ ናት። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሌላ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ያኔ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ ቤቷ እዚያ ነበር። የቤት ሥራዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትጽፍ ከላይ የውሃ ጠብታ ይወርድባታል። እሱ የድሮ ተኳሽ ስለሆነ ውሃ የሚረጨው በአፉ ነበር፤ ጉንጩን ሞልቶ «ፍፍፍ» ሲል ከሥር ሳቋ ይሰማል። ካውያውም የከሰል ነበር፤ ሁለት ነበሩት፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይግላል። የረጠበ ሱፍና የከሰል ሽታ ተቀላቅሎ ቤቱን ይሞላዋል። ሥራው ቀለል ሲል ልጅቱ ከተሰቀሉት መሃል የአንዱን ትልቅ ሰው ኮት ለብሳ፣ እጅጌው እስከ ጉልበቷ ወርዶ፣ ወዲያ ወዲህ ትንጎራደዳለች። «ማነው ይህን ሱሪ ያጨማደደው?» ትላለች ድምጿን አወፍራ። እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ዛሬ ካውያው በኤሌክትሪክ ነው፣ ውሃውም በፕላስቲክ መርጫ ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለው የማንጠልጠያ ካርቶን ብቻ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ወድቆበት ጎንበስ ባለ ቁጥር ያንን ካርቶን ገፋ አድርጎ ሥሩን ያያል።

አሥር ዓመት ሲሞላት መሮጥ ጀመረች። ሁለት መቶ ሜትር። «አባዬ፣ ቅዳሜ እሮጣለሁ፣ ትመጣለህ?» ትለዋለች። «የሚቀጥለው ቅዳሜ» ይላታል። ይዋሻል እንዳትሉ፤ እያንዳንዱን ጊዜ ከልቡ ነበር የሚለው። ግን የሚቀጥለው ቅዳሜም ሙሽራ አለው። እናቷ ትሄዳለች፣ ይዛት ትመለሳለች፣ ስንተኛ እንደወጣች ትነግረዋለች። በኋላ በኋላ ልጅቱ መጠየቋን ተወች፤ እሱም፣ ይቅር ይበለውና፣ ቀለል አለው። አንድ ቀን የልጁን የሩጫ ጫማ የጎረቤት ልጅ እግር ላይ አየው። ሚስቱን ቢጠይቃት «ሩጫውን ካቆመች እኮ ዓመት ሆናት» አለችው። ለምን አቆመች? ያን ጥያቄ ልጁን ሳይጠይቃት አሥራ አምስት ዓመት ኖረ።

እናም ከፀጉር ቤቱ እንደወጣ ደወለላት።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ አንድ ሩጫ አለ። አብረን እንሩጥ።»

«ማን? አንተ?»

«እኔና አንቺ። ቅዳሜ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ።»

«ቅዳሜ?» አለች ቀስ ብላ። «ሥራህስ?»

«ይዘጋል።»

«እስቲ እናያለን አባዬ።»

ያቺ «እስቲ እናያለን» ከእሱ «የሚቀጥለው ቅዳሜ» ጋር አንድ ድምፅ ነበራት። ስልኩን ዘጋ። በዚህች ቅዳሜ ልጁ ጎን ካልተገኘ ከእንግዲህ ሌላ ቅዳሜ እንደማትሰጠው ገባው።

ልምምዱን ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ጀመሩት። ፀጉር አስተካካዩ በወጣትነቱ ሯጭ ነበርኩ ባይ ነው፤ ሲሮጥ ያየው ሰው ባይገኝም ወሬው የአሠልጣኝ ነው። ጎህ ሲቀድ ከመንገዱ ጀርባ ያለው ኳስ ሜዳ ይሄዳሉ። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ ብሎ አዘዘው። ችግሩ ጋሽ ካውያ የእጅ ሰዓት አያደርግም፤ ማሰሪያው ጨርቅ ይቧጭራል ብሎ ከተወው ቆይቷል። እሱ ጊዜን የሚያውቀው በልብስ ነው። ሸሚዝ ሦስት ደቂቃ፣ ሱሪ አራት፣ ኮት ሰባት። እየሮጠ በሐሳቡ ይተኩሳል፤ ወገቡን፣ ኪሱን፣ ከዚያ አንዱን እግር፣ ከዚያ ሌላውን። እጁ በዚህ አይሳሳትም፣ ደቂቃ ዝንፍ አይልም።

የመጀመሪያው ቀን ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሻይ ይዛ ጠበቀችው።

«ምን ያህል ሮጥክ?»

«ግማሽ ሱሪ።»

«እንግዲያ ቁምጣ ነዋ!» ብላ ሻዩን እስክትደፋ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ «ዛሬስ ምን ለበስክ?» እያለች ትቀበለዋለች። እሱም በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሱሪ፣ በአራተኛው ሦስት ሱሪና አንድ ሸሚዝ አለ። እንደ ሥራው ሁሉ ክብደቱን ወደ ቀኝ እየጣለ ስለሚሮጥ ሳያውቀው ከሜዳው ወጥቶ አጥሩ ጋ ይደርሳል። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ነው?» ይጮኻል ፀጉር አስተካካዩ። ባቱ አበጠ፣ ጉልበቱ ተንቋቋ፣ ካውያ ይዞ ሲቆም እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሩጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሩ ላይ «መጪው ቅዳሜ ክፍት ነው፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ዝግ ነው» ብሎ ለጠፈ። ደንበኛ ሁሉ እየደነገጠ ገባ። «ምነው ጋሼ፣ ማን ሞተ?» ይላል አንዱ። «ልሮጥ ነው» ሲለው ደግሞ የበለጠ ይደነግጣል።

እስከ ስምንት ሱሪ ደረሰ። አምስቱ ኪሎ ሜትር ግን በፀጉር አስተካካዩ ስሌት አሥር ሱሪ ነው። አሥሩን አንድም ቀን አልጨረሰም።

«እናያለን» ብላ የቆየችው ልጁ በሩጫው ዋዜማ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጤና ጣቢያው ጋ አልፋ የሁለቱንም ቲሸርትና የደረት ቁጥር ተቀብላ ነበር። የራሷን ቦርሳዋ ውስጥ አስቀርታ የእሱን ሰጠችው። ቲሸርቱ ተጨማዷል፤ ቁጥሩ የተጻፈበትም ወረቀት ከመሃል ታጥፏል። ጋሽ ካውያ ደግሞ የተጨማደደ ነገር እያየ እንቅልፍ አይወስደውም። ልጁ ከእናቷ ጋር ስታወራ ሹልክ ብሎ ቲሸርቱን እጅጌው ላይ መስመር አውጥቶ ተኮሰው። ወረቀቱንም ገለበጠው። ከጀርባው አንድ ቀጭን ነገር ተለጥፎበታል፤ እንዳይቀደድ የተደረገ ድጋፍ መስሎት ካውያውን ጫን፣ እንፋሎቱን ለቀቅ አደረገበት። ወረቀቱ ዝርግት አለለት፤ ደስ ብሎት ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ከቤት ሲወጡ መተኮሻ ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ሙሉ ልብስ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ በእናትህ! ወንድሜ ዛሬ ነው የሚያገባው። ኮቱ ይቅር፣ ሱሪውን ብቻ!»

አንድ ሱሪ። አራት ደቂቃ። የጋሽ ካውያ እጅ ማንንም ሳያስፈቅድ ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ጨበጠ። ልጁን ዘወር ብሎ ቢያይ አልተቆጣችም፤ ቀስ ብላ ብቻዋን መንገዱን ጀምራለች። እንደማይመጣ ገምታ አስቀድማ ይቅር ያለችው መሆኑ ነው ያመመው።

«ወንድሜ፣ ዛሬ አልችልም» አለ፤ ድምፁ ግን ደከመ።

ሚስቱ ቁልፉን ከእጁ መንጭቃ ወሰደች። «እኔ እተኩሰዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሳይህ ኖሬ አንድ ሱሪ ያቅተኛል?» ሰውየው አፉን ሲከፍት «አይቃጠልም፣ አይዞህ» አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ ስትሮጥ ብዙ አይቻታለሁ። ዛሬ ያንተ ተራ ነው፣ ሂድ።»

ሮጦ ደረሰባት።

መነሻው ላይ አንዲት ወጣት አስተባባሪ ትንሽ መሣሪያ ይዛ የሯጮቹን ቁጥር እያስነበበች ታሳልፋለች። የልጁ ቁጥር ጢጥ አለ። የእሱ ዝም። እንደገና ሞከረች፣ ዝም።

«አባባ፣ ከጀርባው ሰዓት የሚመዘግብ ቺፕ ነበረው እኮ። ምን አደረጉት?»

«ተኮስኩት።»

ልጁ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አስተባባሪዋም ከንፈሯን ነክሳ «መሮጡን ይሮጣሉ፣ ሰዓትዎ ግን አይመዘገብም» አለችው። «ግድ የለም» አላት፤ እውነትም ግድ አልነበረውም።

ፊሽካው ተነፋና ተነሱ። መንገዱ ሰፊ ሣር ሜዳን ይዞራል፤ ጎን ለጎን፣ በእሱ ሶምሶማ ሄዱ። አንድ ሱሪ፣ ሁለት ሱሪ። እሷ ለእሱ ብላ እንደምትዘገይ አውቆታል። አራተኛው ሱሪ ላይ ያን የቆየ ጥያቄ ጠየቃት።

«ለምን ነበር ያቆምሽው?»

«ያኔ መነሻው ላይ ቆሜ ሰው መሃል አንተን እፈልጋለሁ» አለች። «ስፈልግህ ፊሽካው ይነፋል። ሁልጊዜ ዘግይቼ እነሳለሁ። አሠልጣኙ ተቆጣኝ፣ እኔም ተውኩት።» ንግግሯ ቅሬታ የለበትም፤ የሌላ ልጅ ታሪክ የምታወራ ትመስላለች።

ሰባተኛው ሱሪ ላይ ያ ወፍራሙ ቀኝ ባቱ ጭምድድ ብሎ ያዘው። ቆመ። ትንሽ እያነከሰ ሞከረ፣ እምቢ አለው። ልጁ ተመልሳ ጀርባውን ደገፈችው።

«በእግር እንጨርሰዋለን አባዬ።»

«አንቺ ሂጂ።»

«አብረን ብለናል እኮ።»

«ልይሽ» አላት። «ስትሮጪ ልይሽ። አንድም ቀን አይቼሽ አላውቅም።»

ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አጠበቀችና ተነሳች።

መንገዱ ሜዳውን ስለሚዞር ከቆመበት ሆኖ እስከ መጨረሻው ትታየዋለች። መጀመሪያ ቀስ አለች፣ ከዚያ ክንዷ ተፈታ፣ ከዚያ አንዱን አለፈች፣ ሌላውን አለፈች። ሜዳውን ዞራ ፊቷ ወደ እሱ ሲመለስ የቲሸርቷን አንገት በጥርሷ ነክሳ ይዛዋለች።

ጋሽ ካውያ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ያ የልጅነቷ የስፖርት ሸሚዝ ኮሌታ! ያን ኮሌታ በየሳምንቱ የተኮሰው እሱ ነው። ሁልጊዜ የታኘከ፣ ክሩ የተመዘዘ ነበር፤ አይጥ ነው ብሎ ቁምሳጥኑ ሥር ወጥመድ እስከማስቀመጥ ደርሶ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ልጁ እንዴት እንደምትሮጥ ካውያው ሥር ተዘርግቶለት፣ እሱ አለስልሶት አጣጥፎት ነበር። እዚያው ቆሞ አለቀሰ፤ የሚያልፉት ሯጮች እግሩን ያመመው መስሏቸው «አይዞዎት አባባ» ይሉታል።

ጨርሳ ላቧ እየወረደ በሯጮቹ መሃል ወደ ኋላ ወደ እሱ መጣች።

«አየኸኝ?» አለችው ከሩቅ።

«አየሁሽ። ልብስሽን ነክሰሽ ነው የምትሮጪው።»

ሳቀች። «እማዬ ነግራህ አታውቅም?»

«አልጠየቅኋትም» አላት።

ክንዱን ያዘችውና የቀረውን መንገድ በእግር ጀመሩት።