የከርከሮ አደን ጓዝ

አባቴ ለከርከሮ አደን ሲሰናዳ ሠርግ የተጠራ ሰው ይመስላል። በየዓመቱ ማሽላው ሲያሸት ቦርደዴ ያሉት የጥንት ወዳጁ ይደውሉለታል። ሙስሊም ገበሬ ናቸው። አባቴም ፈቃድ ያለውን አሮጌ ጠመንጃውን ይዞ ከጭሮ ይወርድና ማሳቸውን ከከርከሮ ይጠብቅላቸዋል።

ዘንድሮም ጓዙን አልጋው ላይ ዘረገፈው። እኔ የገዛሁለትን ጃኬት “ይንኮሻኮሻል” ብሎ መለሰልኝና ቀለሙ የለቀቀ ካኪ ኮቱን መረጠ። ሚስቴ “ላጥብልዎት” ብትለው ተቆጣ፤ ከርከሮ የሳሙና ሽታ ከሩቅ ይለያል ባይ ነው። ከቆዳ ጫማ ይልቅ ኮቴው የማይሰማውን ሸራ ጫማ ለየ። ለወዳጁም የገለምሶ ጫት አስመጣ። በዚህ ሁሉ አልተገረምኩም፣ ለምጄዋለሁ።

ጥይቶቹን ሲወለውል ግን የሚያያቸው በጣቱ ነበር። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ሲባል “ደህና ነኝ” ይላል። ሰው ይመታል ብዬ ፈራሁ። ጠመንጃውን ቀማው ማለት ደግሞ አባትህን በአደባባይ ልብሱን አስወልቀው ማለት ነው። ስለዚህ ጓሮ ወጥቼ ለወዳጁ ደወልኩ።

“ዘንድሮ እንዲቀር እርስዎ ይንገሩልኝ” አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “አምና የመታው ከርከሮ አይደለም፣ ውሻዬን ነው። ወላሂ፣ ለማንም አላወራሁም።”

ከርከሮ እነሱም አይበሉም፣ እኛ ክርስቲያኖቹም አንበላም። የወደቀውን ጠጋ ብሎ የሚያይ የለም፤ ለጅብ ይተዋል። እሳቸው በማግስቱ ማልደው ውሻቸውን ቀብረው፣ አባቴን “ጥሩ አድርገህ ጣልከው” ብለው ሸኝተውታል።

“ታዲያ ዘንድሮ ለምን ጠሩት?”

“ካልጠራሁት ነገሩ ይገባዋል፣ ልጄ። ይምጣ ብቻ። ከጎኑ አልለይም።”

ስመለስ አባቴ ወደ ጓሮ በተከፈተው መስኮት አጠገብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

“የውሻውን ነገር ነገረህ?” አለኝ።

“አንተ እንዴት አወቅህ?” አልኩት።

“ስተኩስ ጩኸቱን ሰምቻለሁ። ከርከሮ እንደዚያ አይጮህም።”

“ታዲያ ይሄ ሁሉ መሰናዶ ለምንድነው?”

“ና አለኛ። ብቀር ማወቄን ያውቃል። ዓመት ሙሉ የደበቀልኝን ሰው እንዴት አሳፍረዋለሁ?”

ጥይቶቹን በመሐረብ ቋጥሮ ሰጠኝና ቁምሳጥኑ ውስጥ እንድቆልፍባቸው ነገረኝ። ባዶውን ጠመንጃ አነገተ፣ ጫቱን በብብቱ ያዘ።

“በል ቶሎ በል” አለኝ፣ “ሚኒባሱ ይሞላል።”