ሦስት መጻሕፍት ለጋሽ ዳኜ

ዘቢደር ይህን ቀን አምስት ዓመት ጠብቃዋለች። ጋሽ ዳኜ የሱቋን በር ከፍተው፣ ግራ ቀኝ አይተው ሲገቡ የመጡበት ጉዳይ ገና ከዓይናቸው ገባት። ደስ አላት። ለምን ይዋሻል? በጣም ደስ አላት።

እኚህ ሰው የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ማን ጽዋውን ተቀብሎ ቀጣዩን ድግስ እንደሚያወጣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት ዘቢደር ተራዋ ደርሶ ጽዋውን ስትቀበል፣ ወንድ ብላ ያሳደገቻት ልጇ ሐሌታ ቀሚስ ለብሳ አጠገቧ ቆማ ነበር። ጋሽ ዳኜ ጽዋውን ከዘቢደር እጅ ነጠቁ። «እንዲህ ያለ ጉድ ያለበት ቤት አይገባም» አሉ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ዘቢደርን የሚያንገበግባት ግን ራሷም ማቀርቀሯ ነው። ሐሌታ በማግስቱ ልብሷን ሰብስባ ሎንግ ቢች የሚባል ሌላ ከተማ ገባች፤ እናቷን ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገረቻትም።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ዘቢደር መጽሐፍ ማሳደድ ያዘች። ቀን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለው ሱቋ ነጠላና ሲዲ ትሸጣለች፤ ወደ ቤቷ በምትሄድበት የፒኮ መንገድ አውቶቡስ ላይ መዝገበ ቃላት ይዛ ታነባለች። ስለ ትራንስጀንደር ልጆች ለወላጅ ከተጻፉት ሃያ ያህሉን አገላበጠች። በሐኪም ቋንቋ የሚያደናግሩትን ጣለች። ልጁ የሞተ ይመስል ወላጅን የሚያጽናኑትንማ በንዴት ነው የጣለቻቸው። ሦስት ቀሩ። እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ ብላ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ በአማርኛ ጻፈችባቸው፤ «እኔ እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት» የሚልም አለበት። እስካሁን ስምንት እናቶችና አንድ አባት ተውሰዋቸዋል።

«እንትን… ለወላጅ የሚሆን መጽሐፍ አለሽ አሉ» አሉ ጋሽ ዳኜ።

«ለምን ዓይነት ወላጅ?» ገብቷታል፤ ከአፋቸው መስማት ፈልጋ ነው።

«ልጄ ኤልዳና ናት። ወንድ ነኝ፣ ኖላዊ በሉኝ ብላ ሩሟን ሎክ አድርጋ ተቀምጣለች። ሦስት ቀኗ። ምግብም እምቢ ብላለች።»

ዘቢደር ሦስቱንም አውጥታ ደረደረችላቸው። የሽፋናቸው ጽሑፍ ከመንገድ ማዶ ይነበባል።

«ፌስታል ስጪኝ።»

«ፌስታል በሕግ ተከልክሏል፣ ጋሼ።»

«ኦኬ፣ የወረቀቱም ይሁን።»

«የለም» አለች፣ ክርኗን የወረቀት ከረጢት ክምር ላይ አስደግፋ። «እንዲሁ ይያዙት። የእኔም ልጅ ሰው እያያት ነው የወጣችው።»

ጋሽ ዳኜ በመስኮቱ አዩ። ጎን ያለው ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ግማሹ ማኅበርተኛ ተቀምጧል። መጻሕፍቱን ትተው ወጡ።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ብቻዋን ሳቀች። ለሐሌታ ልትነግር ስልኳን አነሳች፤ ምን እንደምትላት ስታስብ ግን ሳቁ ጠፋ። ተበቀልኩልሽ ልትላት ነው? ባልድዊን ሂልስ ሰፈር፣ ጋሽ ዳኜ ቤት በሩን ዘግቶ በረሃብ የተቀመጠው ልጅ ምን በደላት?

መጻሕፍቱን ታቅፋ ወጣች። በማኅበርተኞቹ ፊት ስታልፍ ማንንም ሰላም አላለችም። ጋሽ ዳኜ መኪናቸውን አላስነሱም፤ መሪውን ይዘው ያለቅሳሉ። በመስኮቱ አሳልፋ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ይቅር በይኝ፣ ዘቢደር።»

«አልልዎትም» አለች። «በሩ ሥር ቁጭ ይበሉና ጮክ ብለው ያንብቡለት። መጀመሪያ ግን ኖላዊ ብለው ይጥሩት።»